የአምስተኛው ራስ ልክ

ኅዳር 4

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? በስልክ «እ? ምን አልሽ?» ስንባባል ከምንውል ወረቀት ይሻላል ብለው ከፈረዱብን ወዲህ እኔም መጻፉን ለምጄዋለሁ። ለጥያቄዎችዎ በተራ ልመልስ። አዎ፣ በሰዓቱ እበላለሁ። አዎ፣ የክፍሌ በር ከውስጥ ይቆለፋል። አይ፣ አልከሳሁም፤ ፎቶው ላይ የከሳሁ ያስመሰለኝ ፊቴን ያከሰለው ፀሐይ ነው። የምሠራው ችግኝ ጣቢያ ነው ሲባል ሰው ጥላ ሥር የምንውል ይመስለዋል። ጥላ የሚያገኙት ግን ችግኞቹ ብቻ ናቸው። ለእነሱ መረብ ተዘርግቶላቸዋል፤ እኛ ሴቶቹ ከመረቡ ውጪ ላስቲክ ውስጥ አፈር ስንሞላ እንውላለን።

ባርኔጣው ደረሰኝ። ያመጣልኝ የአውቶቡስ ሾፌር ከወንበሩ ኋላ ወሽቆት ኖሮ አናቱ ተጨፍልቆ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ባራግፈው ግን ኩርፊያው እንደ ለቀቀው ሰው ፊቱን ፈታ። ልጅዎ ካረፈ በኋላ አብረን በኖርንባቸው ዓመታት ኪሮሽ ሲሠሩ አጠገብዎ ቁጭ እል ነበር። ለካ አየሁ እንጂ አላስተዋልኩም። አሁን ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀና ብዬ ሳየው፣ ከአናቱ መሃል የተነሣችው አንዲት ክር ዞራ ዞራ እስከ ክፈፉ ጫፍ መድረሷ ገረመኝ። ይህን የምታውቅ ሴት አንድ ቀን እንኳ «እኔ እኮ» ብላ አለማውራቷ ደግሞ ይበልጥ ገረመኝ።

አለቃችን እንኳን ሰውን፣ ችግኝ አድንቃ አታውቅም። ከራሴ ላይ አንሥታ ገለበጠችና ውስጡን አየችው።

«ማሽን ነው?» አለች።

«የአማቴ እጅ ነው» አልኳት።

«አማት እንዲህ ትሠራለች?» አለችና ራሷ ላይ ደፋችው። እስከ ምሳ ሰዓት አልመለሰችልኝም።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እንዳይቆጡኝ። ፀጉሬን ቆርጬዋለሁ። አፈሩና ላቡ አላስቀመጠኝም። እርስዎ ደግሞ የሠሩልኝ በድሮው ሹሩባዬ ልክ ስለሆነ ባጎነበስኩ ቁጥር ዐይኔ ላይ ይወርዳል፤ የምሞላውን ላስቲክ በዳበሳ ነው የማገኘው። ሳይፈታ የሚጠብበት መንገድ ካለ ይንገሩኝ።

ሌላው፣ አራት ሴቶች እንዲሠሩላቸው ለምነዋል። ክሩን ራሳቸው ይገዛሉ። የራሳቸውን ዙሪያ በክር ለክቼ ልኬያለሁ፤ እያንዳንዱ ክር ጫፍ ላይ በወረቀት የማን እንደሆነ ጽፌያለሁ፦ አለቃችን፣ ረጅሟ፣ ጠጉረ ብዙዋ፣ ሳቂታዋ። ጉልበትዎ ካመመዎት ግን ይቅር። ጉልበትዎ እንዴት ነው?

ምራትዎ

ኅዳር 23

ለምራቴ፣

ጉልበቴ እንደ ሥራ ፈት ጎረቤት ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል፣ ሌላ ጥቅም የለውም። ደግሞ ኪሮሽ በእጅ እንጂ በጉልበት አይሠራም። ክሮቹ ደርሰውኛል፤ አልጋዬ ላይ ደርድሬ ሳያቸው አራት እንግዳ የመጣብኝ መሰለኝ።

ፀጉርሽን መቁረጥሽን አልቆጣም። ፀጉሯን የምትቆርጥ ሴት ወይ አዝናለች ወይ አንድ ነገር ልትጀምር ነው ይላሉ። አንቺ ሐዘኑን ጨርሰሻል፤ ስለዚህ አፈር ነው ካልሽ አፈር ነው።

የሚወርደውን ባርኔጣ እንዲህ አድርጊው። ጎኑ አልቆ ክፈፉ ከሚጀምርበት ዙር ከፍ ብሎ ባለው ዙር ላይ፣ ቀጭን ገመድ በአንዱ ቀለበት አስገብተሽ በሚቀጥለው እያወጣሽ አዙሪው። ራስሽ ላይ ደፍተሽ እስኪይዝሽ ሳቢው፣ ከኋላ ቋጠሮ አድርጊ። ፀጉርሽ ሲያድግ ቋጠሮውን ትለቂዋለሽ። ቀለበት የምልሽ የክሩን ነው፤ ሌላ ቀለበት አስበሽ እንዳትስቂ።

አሠራሩን ከጠየቅሽ ደግሞ ቀላል ነው። ከመሃል ትጀምሪያለሽ፤ በየዙሩ ቀለበት እየጨመርሽ ስትሄጂ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ሆኖ ይሰፋል። መጨመር ስታቆሚ ክሩ ራሱ ወደ ታች ይጎነበስና ጎን ይሆናል። የፈለግሽው ጥልቀት ሲደርስ እንደገና መጨመር ስትጀምሪ ደግሞ ወደ ውጪ ይዘረጋና ክፈፍ ይሆናል። በቃ። የራስ ልክ የሚወሰነው መጨመሩን በምታቆሚበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ዙር ቸኩለሽ ካቆምሽ ይጠባል፤ አንድ ዙር ከዘገየሽ ጆሮ ይበላል።

ስለ ራስ ደግሞ እኔን ጠይቂ። አውቶቡስ ተራ ትኬት ስቆርጥ የኖርኩባት መስኮት እንኳን ሰው ክርን አታሳልፍም ነበር፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን ብቻ ነው የሚያስገባልኝ። ፊቱን ብረሳ እንኳ የራሱን ቅርጽ አልረሳም። ኋላው የተላገ አለ፣ እንደ ሎሚ የሾለ አለ፣ ግንባሩ ሰፍቶ ኋላው የጠበበ አለ። ክር የሚነግርሽ ዙሪያውን ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ሴቶቹ ጻፊልኝ። ጠጉረ ብዙዋ ፀጉሯን የምትሰበስበው አናቷ ላይ ነው ወይስ ማጅራቷ ላይ? አናቷ ላይ ከሆነ ጥልቀት እጨምርላታለሁ። ረጅሟ የምትረዝመው በእግሯ ነው ወይስ በፊቷ?

አማትሽ

ታኅሣሥ 19

ለእትዬ፣

አራቱም ደረሱ። መልካሙን ላስቀድም። ረጅሟ፣ በፊቷም በእግሯም የምትረዝመው፣ ስትደፋው የውኃ በርሜሉ ውስጥ ፊቷን አየች። ከዚያ «እኔ እኮ ቆንጆ ነኝ» አለች፣ ልክ አንድ ሰው ደብቋት እንደኖረ ነገር። ክፈፉን ለእሷ ሰፋ ለአለቃችን ጠበብ ማድረግዎ ሁላችንንም አስደንቆናል። አለቃችን ቀና ብላ የምትቆጣ ሴት መሆኗን አልጻፍኩልዎትም፤ ሰፊ ክፈፍ ቁጣዋን እንደሚጋርድባት በምን አወቁ? ሳቂታዋ የእሷን አላወልቅም ብላ እንደደፋችው ስብሰባ ላይ ተቀምጣለች።

የጠጉረ ብዙዋ ግን አልገባ አለ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። እኔ ከለካኋት በኋላ ሄዳ ሌላ ፀጉር አስጨምራበታለች። ልታለቅስ ደረሰች። እኔም «ቆይ» አልኳት። ድሮ እርስዎ ሲያደርጉት ያየሁት ትዝ ብሎኝ ባርኔጣውን ውኃ ውስጥ ነከርኩት፣ ጨመቅኩት፣ ትልቁን ድስት ገልብጬ ላዩ ላይ ወጥሬ አሳደርኩት። ጠዋት ገባላት። ክፈፉ በውኃው ልቡ ጠፍቶ ስለተንጠለጠለ፣ ጫፉ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አስገብቼ በኪሮሽ አንድ ዙር ሸፈንኩት። አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ሠርቼ ስጨርስ እጄን አየሁት። የእርስዎን እጅ ይመስል ነበር፤ ጣቶቼ ጫፍ ላይ ክሩ የቆረጠው መስመር አለ።

ብቻዋን ናት ብለው እንዳይጨነቁ፣ ብቻዬን አይደለሁም። ጥሩ ሰዎች አሉ።

አንድ ክር ደግሞ ጨምሬ ልኬያለሁ፤ አምስተኛ። ለአንድ የሥራ ባልደረባ ነው። እሳቸውም ፀሐይ ላይ ነው የሚውሉት። ራሳቸው ትንሽ ተለቅ ያለ ነው፣ ክሩን ሲያዩት ይገባዎታል። ስለ ጠባያቸው ምን ልጻፍልዎ? ዝምተኛ ናቸው። ኋላቸው ክብ ነው፣ ግንባራቸው ሰፊ ነው። ካልተመቸዎት ግን አይቸኩሉ፣ ባይሠራም ምንም አይደል።

ምራትዎ

ጥር 8

ለምራቴ፣

ድስት ላይ ወጥሬ አሳደርኩት ያልሽውን ለጎረቤቶቼ አንብቤላቸዋለሁ። ናይለኑን ማንም አላስተማረሽም፤ እኔ ለዚያ ቀጭን ሽቦ ነበር የማስገባው፣ ሽቦ ደግሞ ይዝጋል። ከእንግዲህ እኔም ናይለን ነው የማደርገው። ተማሪ አስተማሪዋን ስታርም ደስ ይላል።

አምስተኛውን ክር አየሁት። ትልቅ ራስ ነው። እሠራዋለሁ።

እዚህ ሁሉም ደህና ነው።

አማትሽ

የካቲት 6

ለእትዬ፣

ባርኔጣው ከትናንት ወዲያ ደረሰኝ። ደብዳቤ ይኖረዋል ብዬ ጥቅሉን ገልብጬ አራገፍኩት፤ አልነበረውም። ሾፌሩን «ሌላ የሰጡህ ነገር የለም?» ብለው «ይኸው ነው፣ ዝም ብለው ነው የሰጡኝ» አለኝ።

ከማውቃቸው የእርስዎ ሥራዎች ሁሉ እንዲህ ያለ አላየሁም። ክሩ አንድ ቦታ እንኳ አልላላም፤ ጎኑ በመስመር የተሰመረ ነው። ለተሠራለት ሰው ግን አይገባም። ክዳን ድስቱ ላይ እንደሚንሳፈፍ አናቱ ላይ ቀረ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ልስቅ አልቻልኩም። ልኩን አውቀዋለሁ፣ እትዬ። በእጄ ዙሪያውን ስይዘው አወቅኩት። ልጅዎ ታሞ በተኛበት ጊዜ ራሱን ደግፌ ውኃ ሳጠጣው መዳፌ የለመደው ልክ ነው። ስለዚህ ምን ሊሉኝ እንደፈለጉ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ።

ቀድሜ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። «እሳቸው» ያልኩዎት ሰው የጣቢያው የውኃ ፓምፕ መካኒክ ነው። በራሱ ትልቅነት ሰው ሁሉ «ጉልላት» ይለዋል፤ እሱም ይመልሳል፣ አይከፋውም። ፓምፑ ሲቆም ሌላው ሰው ይጮኻል፣ እሱ ጆሮውን ብረቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። እኔንም እንደዚያ ነው ያዳመጠኝ። ስለ ልጅዎ ስነግረው አቋርጦኝ አያውቅም፤ «እርሽው» አላለኝም። እንዳገባው ጠይቆኛል። ሦስት ወር አልመለስኩለትም። ልነግርዎ ወረቀት ባወጣሁ ቁጥር ስለ ባርኔጣ ጻፍኩልዎ።

ባርኔጣው አልገባ ሲለው ያደረገውን ግን ልንገርዎ። አውልቆ ውስጡን አየና «ይሄ የሌላ ሰው ነው» አለኝ። የማን እንደሆነ ነገርኩት። በሁለት እጁ መለሰልኝ። እኔ ተናድጄ «እፈታውና አሰፋዋለሁ፣ አሁን እኮ አውቀዋለሁ» አልኩ። «እንዳትፈቺው» አለኝ። «እናትየው ለልጃቸው ነው የሠሩት። እኔ ባዶ ራሴን ፀሐዩ ለምዶኛል።»

እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ካልፈቀዱ ነገሩ ያበቃል። እናት አባት የለኝም፣ ያውቃሉ። በዚህ ዓለም ላይ «በላሽ ወይ?» የሚለኝ የእርስዎ ደብዳቤ ነው። እርስዎን ከማጣ እሱን ባጣ ይሻለኛል።

ምራትዎ

የካቲት 24

«ለምራቴ» ብዬ ልጀምር እስክሪብቶ አነሣሁና እጄ ቆመ። ሌላ ሰው ስታገቢ የሌላ ሰው ምራት ልትሆኚ ነው። ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? አላገኘሁትም፤ ባዶውን ትቼዋለሁ።

ስለ ባርኔጣው ልንገርሽ። መልእክት አልነበረም። ክርሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነው የጀመርኩት። አናቱ ትክክል ሄደልኝ። ወደ ጎን የምወርድበት ቦታ ሲቃረብ ግን እጄ ራሱ መጨመሩን አቆመ። ዕድሜውን ሙሉ የለመደው የወንድ ራስ አንድ ብቻ ነው፤ ያንን ራስ ከአንድ እፍኝ ጀምሮ ሠርቼለታለሁ። ጨርሼ ክርሽን ባዞርበት አልደረሰም። ልፈታው ጫፉን ያዝኩና ሳብኩ። አንድ ዙር ተፈታ፤ መልሼ ሠራሁት። በማግስቱ እንደዚያው። መፍታቱም ቤት ውስጥ ማስቀመጡም ሲያቅተኝ ለሾፌሩ ሰጠሁት። ደብዳቤ ያልጨመርኩት የምለው ስላልነበረኝ ነው። አንቺን ማስደንገጤ ነው የሚቆጨኝ።

ሰውየውን ደግሞ ሳትነግሪኝ አውቄዋለሁ። አራቱን ሴቶች «እሷ»፣ «እሷ» ስትዪ ቆይተሽ ለአምስተኛው ራስ «እሳቸው» አልሽ። አንቱታ ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት አያሳብቅም። ግን የምትቆጣችሁን አለቃሽን እንኳ «እሷ» ብለሽ የጻፍሽ ሰው፣ ለማን ብለሽ ነው እንዲህ ጨዋ የሆንሽው? አንብቤ ለብቻዬ ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ ለብቻዬ ሌላ ነገር ሆንኩ። ያንን አልጽፈውም።

እሁድ ዕለት እህቴ መጣች። ከሾፌሩ ሰምታ ኖሮ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ምራትሽ ልታገባ ነው አሉ።»

«ታዲያ?» አልኳት።

«ታዲያማ ከአሁን በኋላ ባዳ ናት። ልጅ እንኳ አልወለደችለት። ከዚህ ወዲያ ምን ያገናኛችኋል?»

ወንበር ሰጠኋት። ተቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አልኳት፦ «ልጄ ተኝቶ በነበረበት ጊዜ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ጠይቀሽው ትመለሺ ነበር። አልወቅስሽም፣ ሽታው ይከብድ ነበር። እኔ እናቱ ሆኜ እንኳ አንዳንድ ቀን እየወጣሁ ግቢ ውስጥ እተነፍስ ነበር። እሷ አልወጣችም። ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ደግሞ ታስቀዋለች። በመጨረሻው ሳምንት ልጄ ሲስቅ የሰማሁት በእሷ ነው። ሲሞትም መጀመሪያ እኔን ነው ያቀፈችኝ፣ ለራሷ ያለቀሰችው እኔን ካስተኛች በኋላ ነው።» «እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው» አለች እህቴ። «አውቃለሁ» አልኳት። ሌላ ወሬ አወራን።

ይህን በፊት ነግሬሽ አላውቅም። በአፍ ለመናገር ያሳፍረኝ ነበር፤ ወረቀት ለዚህም ይጠቅማል። ወጣት ሆነሽ እንደዚያ ያለ ጊዜ ቀጥ ብለሽ ማለፍሽን እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ትልቁ ነገር አድርጌ ነው የያዝኩት። ወደዚያ ሥራ ሂጂ ብዬ ያባረርኩሽም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ከአንዲት አሮጊት ጋር ግድግዳ ስታይ ማርጀት አልነበረባትም።

«እርስዎን ከማጣ እሱን ባጣ» ያልሽውን ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ። እኔ የምፈልገው ስብራትሽ እንዲጠገን እንጂ ብቻሽን እንድትቀሪ አይደለም።

«እንዳትፈቺው» ያለውን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሰው ራስ ዙሪያውን ነው የማውቀው፣ ውስጡን መለካት ችዬ አላውቅም። ይህ ሰው ግን ሳያየኝ ውስጡን አስለካኝ። አሁን ዙሪያው ነው የቀረኝ። ያን የሚያህል ራስ ደግሞ በክር አይሆንም፤ መዳፌን አሳርፌበት ነው። እመጣለሁ። ቀኑን ቁረጡና ጻፉልኝ።

መጋቢት 15

ለእትዬ፣

ደብዳቤዎን የተቀበልኩት መረቡ ሥር ውኃ ሳጠጣ ነው። ሁለት ገጽ አንብቤ ቁጭ አልኩ። ረጅሟ መጥታ «ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም አልሞተም» አልኳትና ወረቀቱን ሰጠኋት። አንብባ ጨረሰችና «እኚህ ሴትዮ ለእኔም አማት ይሁኑኝ፣ ባል ካገኘሁ» አለች።

ቀኑ ሚያዝያ 12 ነው። ትልቅ ድግስ አይደለም፤ ጣቢያው ውስጥ ያለው አዳራሽ ይበቃናል። አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ይያዙ፣ ጉልበትዎን ሰው እንዳይጫንዎት። ሴቶቹ መናኸሪያ ወጥተው ይቀበሉዎታል። ባርኔጣዎቹን ሁሉም ይደፋሉ፤ አትጠፋፉም።

እሱ መምጣትዎን ከሰማ ወዲህ የሚያደርገው ጠፍቶበታል። የፓምፑን ቤት ወንበር ቀባው፣ አልደርቅ ሲለው እንደገና ፋቀው። «ምን ብዬ ነው የምጠራቸው?» አለኝ። እኔም አላውቅም አልኩት። ፀጉሩን ላሳጥረው ወይስ ይቆይ ብሎ ጠይቋል፣ ለልኩ እንዳይበላሽብዎ።

በሾፌሩ በኩል «የት ነው የምቀመጠው?» ብለው የላኩት ደርሶኛል። እትዬ፣ ይህን ጥያቄ እኔም ለራሴ ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት። በእሱ በኩል የአጎቶቹ ልጆች ሁለት ረድፍ ይሞላሉ። በእኔ በኩል ሴቶቹ አሉ፤ ዘመድ የሚባል ግን የለኝም። እርስዎ ደግሞ የልጅዎን ሚስት ለሌላ ሲሰጡ ከፊት መቀመጡ ሊከብድዎ ይችላል። ከኋላ ቢሆን አልከፋም። ጨርሶ ባይገቡና ከሠርጉ በፊት ልኩን ወስደው ቢመለሱም እረዳለሁ። የፊተኛው ወንበር ባዶ ይቆያል፤ ማንም እንዳይቀመጥበት ለአለቃችን ነግሬያታለሁ። እሷ ካለች ማንም አይቀመጥም።

ሚያዝያ 21

በደህና ገብቻለሁ። በሾፌሩ በላክሽው ወረቀት ጉልበቴን ጠይቀሽ ነበር፤ ስሄድ አመመኝ፣ ስመለስ ረሳሁት።

ሴቶቹ ሰጥተውኝ የተሸከምኩትን ችግኝ ግቢ ውስጥ ተክዬዋለሁ። እህቴ መጥታ አየችው። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችኝ። «ራሱ ትልቅ ነው» አልኳት። «ሌላስ?» አለች። «እጁን ሳይታጠብ አይነካኝም ነበር፣ ዘይት አለበት ብሎ» አልኳት። ይህችን ደጋግማ እያሰበች ሄደች። ያገባሽውን ሰው እንደወደደችው አልነገረችኝም፤ ግን የእሷንም ባርኔጣ እንድሠራላት ልኳን ትታ ሄዳለች። ኋላዋ የተላገ ነው፣ ድሮም አውቃለሁ።

ስለ ልኩ የጠየቅሽኝን ልመልስ። እኔና እሱ ለብቻችን ስንሆን ምን ብዬው እንደነበር ልታውቂ ፈልገሻል። ምንም አላልኩትም። ያ የተቀባው ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ከኋላው ቆሜ ሁለት እጄን ራሱ ላይ አሳረፍኩ። ለመለካት ነበር። ከዚያ እጄን ማንሣት አቃተኝ። እሱም አልተነቃነቀም። እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ ምን እንደምጨርስ ሳይጠይቀኝ። ትልቅ ሰው ነው። ባርኔጣውን እዚያው ቁጭ ብዬ ስሠራለት አየሽኝ። መጨመሩን ባቆምኩበት ቦታ ላይ እጄ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

የልጄን ባርኔጣ ይዤው መጣሁ። ገመድ አስገብቼ ወደ ራሴ ልክ ሰብስቤዋለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ስለነበረ ደፍቼው ነው የመጣሁት።

ከፊተኛው ወንበር ጋር የተያያዘውን አልረሳሁም፤ «ከብዶዎት ነበር?» ብለሻል። ከበደኝ። እውነቱን ነው የምነግርሽ። ከበር ስገባ የአጎቶቹ ልጆች ዞረው አዩኝ፤ አንዷ «የሙሽራዋ ምን ናቸው?» ብላ ለጎኗ ስትንሾካሾክ ይህ የደነቆረ ጆሮዬ እንኳ ሰማ። ሂሳቡን በውስጤ ሠራሁት፦ የቀድሞ አማት፣ የሟች ባል እናት፣ እንግዳ። አንዱም አልመች አለኝ። ዝም ብዬ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንቺ ገባሽ። ፀጉርሽ አድጓል፤ ያምርብሻል። ከተቀመጥኩ በኋላ አልከበደኝም።

ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ተጫዋች ነበረች። ጆሮዬ እንደማይሰማ ስታውቅ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ አውቶቡሱ በሙሉ ነው የሰማን።

«ለጥየቃ ሄደው ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ ልጄን ድሬ መምጣቴ ነው።»

«እሰይ። ስንት ልጆች አሉዎት?»

«ሁለት» አልኳት። «ወንዱ አርፏል። ሴቷን ነው የዳርኳት።»